«የተከለከለ» ወይስ «የተከለለ»? በአድራሻ እደላ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

ለኔትወርክ ሠልጣኞች ከተዘጋጁት የአማርኛ ጽሑፎች አንዱን ስንመረምር፥ ሁለት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች «የተከለከለ አድራሻ» በሚል አንድ ስያሜ ተጠቃለው አገኘን። ጉድለቱ የቃላት ውበት ጉዳይ አይደለም፤ ሠልጣኙ በዚህ ስያሜ ተመርቶ ሥራ ቢጀምር ኔትወርኩን ያናጋል።

እንደሚታወቀው፥ በትልቅ ኔትወርክ ላይ ለየኮምፒዩተሩ የአይ ፒ አድራሻ በእጅ መጻፍ አድካሚ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ደንቡ የወጣለት ዲ ኤች ሲ ፒ አድራሻዎችን ለተወሰነ ጊዜ በውሰት ያድላል። ራውተር፥ ሰርቨርና ፕሪንተር ግን አድራሻቸው ሊለዋወጥ አይገባም። ስለሆነም 65,534 አድራሻዎች ባሉት ኔትወርክ ላይ ለምሳሌ ከ10.20.0.1 እስከ 10.20.0.255 ያሉት ለእነዚህ ይተዋሉ፤ አዳዩ ሰርቨር አይነካቸውም።

ታዲያ «የተከለከሉ» ናቸውን? የተከለከለ ነገር እንዳይሠራበት የታገደ ነው። በእነዚህ አድራሻዎች ግን ዘወትር ይሠራባቸዋል፤ የታገደው አዳዩ እንጂ አድራሻው አይደለም።

ሁለተኛው ጽንሰ ሐሳብ ከዚህ ይለያል። አድራሻው ከአዳዩ እጅ አይወጣም፤ ሰርቨሩ የመሣሪያውን መለያ ቁጥር እያየ ሁልጊዜ ለዚያው ለአንዱ ይሰጠዋል። ሁለቱን ያምታታ ሠልጣኝ በእጅ አድራሻ የጻፈለትን ፕሪንተር ሰርቨሩ የሚያውቀው መስሎት አድራሻውን ከእደላ ሳያወጣ ይተወዋል። አንዳንድ ሰርቨሮች ከማደላቸው በፊት በአድራሻው ሰው አለ ወይ ብለው ይጣራሉ፤ ጠፍቶ ያደረ ፕሪንተር ግን «አቤት» አይልም። ጠዋት ሲበራ አድራሻው ለሌላ ተሰጥቶ ይጠብቀዋል።

ለመጀመሪያው «የተከለለ» የሚለውን እናቀርባለን። ገበሬ ሣር ሲከልል ከብት እንዳይገባበት ብሎ ነው እንጂ ሣሩ እንዳይታጨድ አይደለም። በግዕዝም ከለለ መክበብን ያመለክታል፤ አክሊል የወጣው ከዚሁ ነው። «ክልል» የሚለው ስም ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወዲህ የአስተዳደር ትርጉም ስለ ጸናበት ለድርጊቱ «ክለላ» ማለት ይሻላል። ለሁለተኛው «በስም የተመደበ» ይበቃል። «የተያዘ» የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን አሁን በውሰት ላይ ላለው አድራሻ ሊተው ይገባል።

ስያሜው በሁሉም ሥርዓት ሊሠራ እንደሚገባም ልብ ይሏል። በሲስኮ ራውተር የንኡስ ኔትወርኩ አድራሻ ሁሉ ለእደላ እንደ ቀረበ ስለሚቆጠር፥ የሚተወው በትእዛዝ ይገለጻል። በሌሎች ሰርቨሮች ደግሞ የሚታደለው ብቻ ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ይጻፋል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ማንም ሳይከለክለው ተከልሎ ይኖራል።