ሳቁ ከየት መጣ?

ፊልም ማሳየት ቁልፍ ተጭኖ መቀመጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ይህን ሥራ የምሠራው በጆሮዬ ነው። ምስሉ ሸራው ላይ ካረፈና ድምፁ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ትልቁ ሥራ አዳራሹን ማዳመጥ ነው፤ ሳሉን፣ የወንበሩን ሲጥሲጥታ፣ ሹክሹክታውን፣ ያለቦታው የሚመጣውን ሳቅ። ተመልካች አስቸገረ ሲባል ብዙው የሙያ ጓደኛዬ «እንዴት ዝም እናሰኘው?» ብሎ ይነሣል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ጫጫታው ከየት እንደመጣ ነው። ከንቀት የሚመጣ ጫጫታ አለ፤ ፊልሙ ራሱ የሚጠራው ጫጫታም አለ። ሁለቱን ያልለየ አሳዪ ወይ ጥፋት የሌለበትን ሰው ያሳፍራል፣ ወይ የተበደለውን ሳይታደግ ይቀራል።

መለየት የጀመርኩት ኮላ ድባ ነው። ከጎንደር ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደምቢያ ሜዳ መሐል ያለች ከተማ ናት፤ ጤፉም ሽምብራውም በርበሬውም በገበያ ቀን ወደ እሷ ይጎርፋል። ቪዲዮ ቤታችን ግድግዳዋ ጭቃ፣ ክዳኗ ቆርቆሮ ነበር። መስኮቷ ብርሃን እንዳያስገባ በማዳበሪያ ከረጢት ተደፍኗል። ቴሌቪዥኑ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ፣ ዴኩ ከሥሩ፣ በሩ አናት ላይ ደግሞ ለመንገደኛው የሚጮህ ሞንታርቦ። እኔ ዴኩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሳንቲም እሰበስባለሁ፣ ካሴት አጠነጥናለሁ፣ ምስሉ መንጨርጨር ሲጀምር ዴኩን ከፍቼ በጥጥና በአልኮል እጠርጋለሁ። መብራት ሲሄድ የምሰደበውም እኔ ነኝ።

በዚያ ቤት ዝምታ አይታወቅም። የህንድ ፊልም ሲሆን ይለቀሳል፤ የካራቴ ሲሆን «ከኋላህ ነው! ዙር!» ይባላል። አክተሩ ሰምቶ የዞረ ሲመስል ቤቱ በጭብጨባ ይናወጣል። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይህን ቢያይ ሥርዓት የሌለው ተመልካች ሊለው ይችላል። እኛ ግን ከየት እንደመጣን እናውቃለን። ጎንደር ውስጥ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲቆም አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ ሰጪ የጠፋ ቀን ጨዋታው ይቀዘቅዛል። በቤተ ክርስቲያንም ጥሩ ቅኔ ሲወርድ ሊቃውንቱ «ይበል!» ይላሉ። መልስ መስጠት ማክበር በሆነበት አገር ያደገ ሰው ለቴሌቪዥኑም መልስ ይሰጣል። ኡጋንዳ ውስጥ ቪጄ የሚባሉት ደግሞ ማይክራፎን ይዘው፣ ፊልሙን እየተረጎሙ፣ ከራሳቸውም እየጨመሩበት ያሳያሉ፤ ተመልካቹ ለፊልሙ ብቻ ሳይሆን ለቪጄው ብሎ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ጫጫታ ተለይቶ ይሰማኝ ነበር። በአሜሪካኖቹ ፊልም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ገና በወጉ ሳይተዋወቁ ሊሳሳሙ ሲጠጋጉ ፉጨቱ ይቀድማል። የቤቱ ባለቤት ይህን ሲሰማ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ቴሌቪዥኑ ላይ ይጥላል። ድምፁ ግን ከጋቢው ሥር መሰማቱን ይቀጥላል፤ ያኔ ፉጨቱ እጥፍ ይሆናል፤ ማንም ምንም ሳያይ ሁሉም የባሰውን ያስባል። በህንዱ ፊልም ላይ ግን፣ ሁለት ሰዎች በአባት ቁጣ፣ በዕዳ፣ በስደት ተለያይተው ኖረው በመጨረሻ ሲተቃቀፉ አንድም ሰው አያፏጭም። እልል የሚሉ ሴቶች ነበሩ። የሚያፏጨውና የሚያለቅሰው ያው አንድ ተመልካች ነው። ልዩነቱ የመጣው ሰዎቹን በማወቁና ባለማወቁ ነው፤ ከታሪካቸው ተነጥለው ገላ ብቻ ሆነው የቀረቡለትን ያፏጭባቸዋል።

ኋላ ኑሮ ወደ አሜሪካ ወሰደኝ፤ ሙያውም አብሮኝ ሄደ። መጀመሪያ የነበረው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው፤ አንዱ ጥቅል 20 ደቂቃ ያህል ይሄዳል፣ በሰከንድ 24 ምስል። ከዚያ ሁሉም በሃርድ ዲስክ መምጣት ጀመረ። ፊልሙ ተቆልፎ ይመጣል፣ መክፈቻው ለብቻው ይላካል፣ ከተፈቀደለት ቀንና ሰዓት ውጭ አይከፍትም። ማሽኑ ተለወጠ እንጂ አዳራሽ ያው አዳራሽ ነው። የሰው ገላና ልብስ ድምፅ ስለሚውጥ ባዶ ቤት ያስተካከልኩት ድምፅ ሰው ሲሞላ ያንሳል። በድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ ዋናው ልክ 7 ነው፤ ብዙ ሲኒማ ቤት ተመልካች «ጮኸብን» እንዳይል ከዚያ በታች ያስኬደዋል። ሰው ማውራት ሲጀምር እጅ ወደ መቆጣጠሪያው ይሮጣል። እኔ አልጨምርም። ድምፁ ከፍ ሲል ወሬኛውም ከፍ ይላል፤ የሚጎዳው ሊያዳምጥ የመጣው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የካን ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ «ብሉ ኢዝ ዘ ዋርመስት ከለር» ወሰደ። በስቲቨን ስፒልበርግ የተመራው ዳኝነት ሽልማቱን ለዳይሬክተሩ ለአብደላቲፍ ከሺሽ ብቻ ሳይሆን ለሁለቱ ተዋናዮች ለአዴል ኤግዛርኮፑሎስና ለሌያ ሴዱ ጭምር ሰጠ። ሦስት ሰዓት ሊሞላው ጥቂት የሚቀረው፣ የሁለት ሴቶች ፍቅር የሚተርክ ፊልም ነው። እኛም አዳራሽ መጣ።

የመጀመሪያው ሰዓት ጸጥ ብሎ ነበር ያለፈው። ልጅቷ ስትበላ፣ ስትተኛ፣ ክፍል ውስጥ መጽሐፍ ሲነበብ፣ መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ፣ አንድም ወንበር ሲጥ አላለም። አዴል ያንን ሚና የተጫወተችበትን መንገድ እስካሁን አደንቃለሁ። ከዚያ ደቂቃዎች የሚፈጀው የአልጋ ትዕይንት መጣ፤ ሳቁም መጣ። ከማሽን ክፍሉ ወርጄ የኋላውን ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አንዱ ጥግ የሚያፍር ሰው ሳቅ ነበር፤ አጭርና ቶሎ የሚታፈን። ሌላው ጥግ ላይ ደግሞ «ይህ እኮ ውሸት ነው» የሚል፣ የሚያውቅ ሰው ሳቅ። ጋቢው የወደቀበት ቤት ትዝ አለኝ፤ እዚህ ጋቢ የሚጥል ሰው የለም፣ ጉዳዩ ግን ያው ነው። ለአንድ ሰዓት ያወቅናቸው ሰዎች ድንገት ከታሪካቸው ወጥተው ለዓይን ብቻ ቀረቡ።

ፊልሙ የተቀዳበትን እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የሥዕል ልብወለድ የጻፉትና የሣሉት ጁል ማሮ ይህንኑ ሳቅ ሰምተውት ኖሯል። ፊልሙ በካን ካሸነፈ በኋላ በጻፉት ላይ፣ የዳይሬክተሩን ችሎታ አመስግነው፣ ራሳቸው እንደ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ሲያዩት ግን ቀረጻው ላይ የጎደሉት እነዚያው የሚነገርላቸው ሰዎች እንደሆኑ ተናገሩ። በአዳራሹ ስለነበረው ሳቅም ጽፈዋል፦ ነገሩ የማይገባው ሰው ሳቀ፣ የሚገባው ሰው አሳማኝ ስላልሆነለት ሳቀ፣ ያልሳቁት ዓይናቸውን የሚመግቡት ብቻ ነበሩ። ሳቅን በዚህ መጠን የለየ ደራሲ ሌላ አላየሁም።

በዚያ ማታ ከአዳራሹ ስትወጣ አንዲት ወጣት አየሁ፤ የአገሬ ልጅ መሆኗን ፊቷ ነገረኝ። በአማርኛ ሰላም አልኳትና ስለ ሳቁ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ።

«እሱን ይተዉት፣ ጋሼ» አለችኝ። «እናትና አባቷ የት ገቡ? ጓደኛዋን ቤት ወሰደቻት፣ ፍልስፍና የምታስጠናኝ ናት ብላ ዋሸች፣ ፓስታ በሉ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ እናቷ አወቀች? አባቷ ምን አለ? እኔ እኮ የመጣሁት እሱን ለማየት ነበር።»

የምመልስላት አልነበረኝም። በኋላ መጽሐፉን ሳነበው የጠየቀችው እዚያ ውስጥ አለ፤ ወላጆቹ ነገሩን ይደርሱበትና ልጃቸውን ከቤት ያባርሯታል። ፊልሙ ያንን ቆርጦ ጥሎታል። ዳይሬክተር ከመጽሐፍ የፈለገውን መተው መብቱ ነው። ግን እኛ ዘንድ ሰው የሚያፈቅረው በእናቱና በአባቱ፣ በጎረቤቱና በንስሐ አባቱ ፊት ነው። የእናቲቱን ነገር ትቶ ለአልጋው ያን ያህል ጊዜ የሰጠ ፊልም፣ ለዚያች ልጅ ዋናውን ታሪክ አልነገራትም። የእሷ ቅሬታና የአዳራሹ ሳቅ የመነጩት ከአንድ ጉድለት ይመስለኛል።

ይህን ስል ተመልካችን ሁሉ ነጻ ማውጣቴ አይደለም። በዚያው ፊልም በሌላ ማታ የተወሰኑ ወጣቶች ሸራውን ትተው ከፊታቸው በተቀመጡት ሁለት ሴቶች ላይ መቀለድ ጀመሩ። ይህን ፊልሙ አላመጣውም። እንዲህ ሲሆን ፊልም አላቆምም፤ ማቆም አዳራሹን በሙሉ መቅጣት ነው፣ የተሰደቡትንም ለሁሉም ዓይን ማጋለጥ ነው። ባትሪም ፊት ላይ አላበራም። በጎን መተላለፊያው ወርጄ፣ አውራው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ፣ በጆሮው «ገንዘባችሁ በር ላይ ይመለስላችኋል፤ አሁን ተነሡ» አልኩት። ከጓደኞቹ ፊት ካልተዋረደ አብዛኛው ሰው ይነሣል፤ ተነሡም። ሁለቱ ሴቶች ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቁ ፊልሙን ጨረሱ። በዚህ ሙያ ከምኮራባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ፊልም የሚረበሸው ደግሞ ከወንበር ብቻ አይደለም። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» ሊመረቅ እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። በሰንዳንስ የተመልካች ሽልማት አግኝቶ የመጣ፣ ስለ ጠለፋ የሚናገር ፊልም ነበር፤ ከጊዜ በኋላ እገዳው ተነሥቶ ታየ። የመክፈቻ ምሽቱ ተሰናክሎበት የተመለሰ ተመልካች ምን እንደሚሰማው ለማሰብ የእኔ ሙያ ሰው መሆን አያስፈልግም። ስለ ሁለት ሴቶች ፍቅር የሚያወራ ፊልም ደግሞ አገር ቤት እስከ ምርቃትም አይደርስም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ግንኙነቱን በወንጀል ይቀጣል፤ ኮላ ድባ ውስጥ እንዲህ ያለ ፊልም ከፍቶ ለሕዝብ የሚያሳይ ሰው አይኖርም። ስለዚህ እዚያ ያለ ሰው ታሪኩን የሚያገኘው በስልኩ፣ ለብቻው፣ ተደብቆ ነው፤ አጠገቡ የሚስቅም የሚያለቅስም የለም። ፊልም በሰው መሐል ሲታይ ምን እንደሚያደርግ ዕድሜዬን በሙሉ ስላየሁ ይህ ያሳዝነኛል።

ኬንያ ውስጥ እንዲህ ያለው ክልከላ ለሰባት ቀን ተነሥቶ ነበር። ስለ ሁለት ልጃገረዶች ፍቅር የሚናገረው የዋኑሪ ካሂዩ «ራፊኪ» እ.ኤ.አ. በ2018 በካን በይፋ የታየ የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ሆነ፤ በአገሩ ግን የፊልም ቦርዱ አገደው። ዳይሬክተሯ እንደተናገረችው ቦርዱ መጨረሻው እንዲቀየር ጠይቋታል፤ ተስፋ በዝቶበታል፣ ልጆቹ አልተጸጸቱም በሚል። እምቢ አለች። መስከረም ላይ ፍርድ ቤቱ ፊልሙ ለኦስካር መወዳደር እንዲችል ለሰባት ቀን እንዲታይ ፈቀደ፤ ናይሮቢ ትኬት አለቀ።

እኛ ስናሳየው ከመጀመሩ በፊት ሸራው ፊት ቆሜ አጭር ንግግር አደረግሁ። ይህን የወሰድኩት ከጎንደሩ ልጅ ከኃይሌ ገሪማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ አከፋፋይ ሲያጣ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ አሳየው፣ ፊልሙንም ለተመልካቹ ጥሎ አልሄደም። እኔ የተናገርኩት የናይሮቢውን የሰባት ቀን ነገርና የሁለቱን ልጆች አባቶች ብቻ ነው፤ በምርጫ የሚፎካከሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ከዚያ መብራቱን አጠፋሁ።

ያን ዕለት አዳራሹ እንደ ኮላ ድባ ጮኸ። የሰፈሩ ወሬ አመላላሽ፣ የሱቋ ሴትዮ፣ ብቅ ባለች ቁጥር ኬንያውያኑ ይጮሁባት ነበር። ልጆቹን መንጋው ሲደበድባቸው «ኧረ ተዉ!» የሚል የአማርኛ ድምፅ ከመሐል ሰማሁ። ሲሳሳሙ ያፏጨ የለም። አንዴም ከቦታዬ አልተነሣሁም።

ያቺ ወጣት በዚህ ጊዜ አክስቷን ይዛ ነው የመጣችው፤ ነጠላ የለበሱ፣ ንግግራቸው የእኛ አገር የሆነ ሴት። እኔ የመግቢያውን አዳራሽ መብራት ስቀንስ እነሱ ገና ይከራከራሉ።

«እናቲቱ ምን ታድርግ?» ይላሉ አክስት። «ጸሎት ወሰደቻት እንጂ አልገደለቻት።»

«እትዬ፣ አባቷን አላዩትም? ምርጫው ሊበላሽበት፣ ልጁን ግን አልገፋትም።»

«እሱማ ቤቱን ትቶ የሄደ ነው! ትቶ የሄደ አባት ደግ መሆን አያቅተውም። አብራት የምትኖረው እናትየዋ ናት።»

እኔም ቁልፉን እንደያዝኩ ገባሁበት፣ ለአባትየው ወግኜ። አክስት ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ደግሞ ማን ጠየቀህ? ልጅ አለህ ለመሆኑ?»