የሻደይ አውራጅና የጃዝ ሸክላ
ስለ አንድ የቀረጻ ረቂቅ የቀረበ ሒስ

ጥቂት ወጣት ሙዚቀኞች የዋግን የሻደይ ዘፈኖች መነሻ አድርገው አንድ የጃዝ አልበም ለመቅረጽ በማሰብ ያዘጋጁትን ረቂቅ እንድመለከተው ባለፈው ዓመት ሰጥተውኝ ነበር። ረቂቁ በሠንጠረዥ የተሠራ ነው። ስምንት ዘፈኖች ተዘርዝረው፥ በእያንዳንዱ አንጻር ቅኝቱ፥ ፍጥነቱ፥ የሚፈጀው ደቂቃና ብቻውን የሚጫወተው መሣሪያ ተጽፎአል። «ድምፃዊ» በሚለው ዓምድ ግን ከላይ እስከ ታች ከጭረት በቀር ምንም የለበትም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ጭረት ነው።

ወጣቶቹ ይህን ያደረጉት ያለ አብነት አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ ሁለት ክፍል ያለውን «አፍሮ ላቲን ሶል» በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ካሳተሙ በኋላ፥ በ1972 በዚያው ከተማ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለውን ሸክላ ቀረጹ (የሸክላዎቹን ዓመታት የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ሰባት ሥራዎች የያዘው ይህ ሸክላ ዐቅዱ በግልጽ የሚሰማ ሥራ ነው። ባለ አምስት ድምፅ የሆኑት ቅኝቶቻችን ከአሥራ ሁለቱ ድምፆች በሚቀመረው የጃዝ ኅብረ ድምፅ ውስጥ ገብተው መልካቸውን እንዳያጡ ደራሲው ብዙ ተጠንቅቀዋል፤ ምቱን ግን በአብዛኛው ከላቲን አሜሪካ ከበሮ ተውሰዋል። ከሰባቱም አንዱ «ኩሉን ማን ኳለሽ» ነው። ይህን የሠርግ ዘፈን ሙላቱ ቃሉን ትተው ዜማውን ለመሣሪያ ሰጥተውታል። የወጣቶቹ ጭረት የተቀዳው ከዚህ ነው።

ነገር ግን አብነቱን የተቀበሉ ሰዎች ምክንያቱን አልመረመሩም። «ኩሉን ማን ኳለሽ»ን በአማርኛ ሠርግ መካከል ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መሣሪያው ዜማውን ባነሣ ጊዜ ቃሉ በአድማጩ ኅሊና ራሱ ይመጣል። በባሕር ማዶ ተማሪ ሳለሁ ይህን ሸክላ ለክፍል ጓደኞቼ አሰምቻቸው ነበር። እነርሱ ዜማውን አደነቁ፤ እኔ የሰማሁት የአክስቶቼን ድምፅ ነበር። እንግዲህ ሙላቱ ድምፁን የተዉት አድማጩ እንደሚሞላው በመተማመን ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። የሻደይ ዘፈን ግን በኽምጣንጋም በአማርኛም የሚዘፈን ሆኖ፥ ከዋግ ውጭ ያለው አድማጭ ቃሉን ከቶ አያውቀውም። ቃሉ ከተነሣ የሚተካው የለም።

ከዚህም የሚበልጥ ጉድለት አለ፤ ይህንንም ለማስረዳት ዘፈኑ እንዴት እንደሚከናወን በመጠኑ መግለጽ ያስፈልጋል። ሻደይ ልጃገረዶች በወገባቸው የሚታጠቁት ረጅም ለምለም ሣር ሲሆን፥ የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ ነሐሴ 16 ቀን ለሚጀመረው በዓልም ስም ሆኖአል። ይኸው በዓል በላስታ አሸንድዬ፥ በቆቦ ሶለል፥ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ልጃገረዶቹ በቡድን ሆነው ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ አንዲቱ ከበሮ ትመታለች፥ አንዲቱ ታወርዳለች፥ የቀሩት እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። ሰቆጣ ላይ በአንድ ነሐሴ ስከተላቸው ውዬ፥ አንድ ባለቤት ስጦታውን ሲያዘገይ አየሁ። አውራጂቱ ዜማውን ሳትለቅ ስሙን አስገባች፤ ቀጥላ የአባቱን ስም፥ ቀጥላ በበሩ የቆመውን በግ አነሣች፤ ተቀባዮቹ ሣቃቸውን እየዋጡ ተቀበሉአት። ሰውዬው ከነሚስቱ ሲወጣ ቃሉ በአንድ እስትንፋስ ወደ ምርቃት ተለወጠ። በእጄ ሰዓት ስቈጥር አሥራ አንድ ደቂቃ ሆኖ ነበር። በሚቀጥለው ቤት ያው ዘፈን ሦስት ደቂቃ አልሞላም፤ ሴትዮዋ ደግ ነበሩ።

በተሰጠው ዜማ ላይ ቆሞ፥ ፊት ለፊቱ ያለውን አይቶ፥ ከጓደኞቹ ምት ሳይወጣ በዚያችው ቅጽበት አዲስ ነገር የሚፈጥር ሰው በጃዝ ዘንድ ከሁሉ የከበረ ነው። ሻደይ ይህን ሰው ለማግኘት ጃዝን አልጠበቀም። ረቂቁ አውራጂቱን አስወጥቶ በቦታዋ ሳክስፎን ያቆማል፤ ከዚያም ለሳክስፎኑ አንድ ደቂቃ የፈጠራ ጊዜ ይቈርጥለታል። ጃዝን ወደ ዋግ እናመጣለን የሚሉ ሰዎች፥ በዋግ ያለውን ጃዝ የሚመስለውን ነገር ለይተው ያወጡት ያንኑ መሆኑ እጅግ ያስገርማል።

የቅኝቱም ዓምድ ጥያቄ የሚያስነሣ ነው። ስምንቱ ዘፈኖች በትዝታ፥ በባቲ፥ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ተከፋፍለዋል። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም መሆናቸው፥ ዋግም ቀድሞ ከወሎ አውራጃዎች አንዱ የነበረ መሆኑ ምደባውን ተፈጥሮአዊ አስመስሎታል። ይሁን እንጂ አራቱ ቅኝቶች በመጀመሪያ የክራርና የመሰንቆ ሰዎች ጅማት የሚወጥሩባቸው ስልቶች ናቸው። የሻደይ ልጃገረዶች የሚወጠር ጅማት የላቸውም። ቃናው የሚቆምበትን ስፍራ የሚወስነው አውራጂቱ የያዘችው ድምፅ ነው፤ ወደ ማታ ድምፅዋ ሲደክም ቃናውም አብሮ ሲወርድ ሰምቻለሁ። ይህን በፒያኖ ቍልፍ ላይ ሲያኖሩት ወደ ቀረበው ቍልፍ መጐተቱ አይቀርም። ሙላቱ ራሳቸው ስለ ደራሼ ሕዝብ የቀርከሃ ዋሽንቶች ደጋግመው የተናገሩት፥ ከአራቱ ቅኝቶች ውጭ ያለውን ድምፅ በራሱ ሕግ መስማት እንደሚገባ ስለ ተረዱ ነው፤ ተከታዮቻቸው ግን ይህን ትምህርታቸውን ከሸክላዎቻቸው ያነሰ አድርገው ያዩታል።

ስለ ደቂቃው ብዙ አልናገርም። ከ1969 ጀምሮ አምሃ እሸቴ ያሳትሙአቸው የነበሩት ትንንሽ ሸክላዎች በአንድ ገጽ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ያህል ይይዙ ስለ ነበር ዘፋኙ ለሸክላው መታዘዝ ነበረበት። ዛሬ ያ ግድ የለም። አሥራ አንዱን ደቂቃ ወደ አምስት ማሳጠር የልማድ እንጂ የችግር ሥራ አይደለም።

ረቂቁ የሚመሰገንበትም ነገር አለ፥ እርሱም ከበሮው ነው። ወጣቶቹ እንደ ቀደሙት የላቲን ምት አልተዋሱም፤ የከበሮውን ሁለት ፊትና የጭብጨባውን አገባብ ለየብቻ ጽፈው፥ የባሱ ጊታር ከበሮውን እንዲከተል አድርገዋል። ይህ ክፍል በሚገባ የታሰበበት ስለ ሆነ እንዲለወጥ አልመክርም። ድክመቱ ይህን ያህል ያዳመጡትን ምት አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ፥ እያንዳንዱን መሣሪያ በየክፍሉ ለይተው ለመቅረጽ ማሰባቸው ነው። ጭብጨባው አውራጂቱን ሳያያት የሚገባበትን ጊዜ አያውቅም። መንገዱ ሁለት ቀን ቢፈጅም፥ ቀረጻው በነሐሴ ሰቆጣ ላይ፥ በግቢ ውስጥ፥ ክቡን ሳይበትን ቢጀመር፥ ሙዚቀኞቹም ከዚያ በኋላ የእርስዋን አካሄድ ተከትለው ቢጫወቱ ይሻላል። ያን ጊዜ ሳክስፎኑ ከተቀባዮቹ ጋር ይቀበላል፤ ተራ ሲሰጠውም ያወርዳል።

በመጨረሻው ገጽ፥ የደራሲ ስም በሚጻፍበት ቦታ፥ «የሕዝብ ዜማ» ተብሎአል። ለዜማው ትክክል ነው፤ በዚያች ደጅ ላይ ለተፈጠረው ቃል ግን ትክክል አይደለም። የቅጂና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ለከዋኝ መብት ሰጥቶአል፤ የሻደይ አውራጅ ከዋኝ ናት፥ ቃሉንም የገጠመችው እርስዋ ናት። ልጅቱ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ስትሆን ፈቃዱ ከወላጆችዋም ጭምር መጠየቅ ይኖርበታል፤ ክፍያውም ለሳክስፎን ተጫዋቹ ከተመደበው የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

ረቂቁን ከነማስታወሻዬ መልሼላቸዋለሁ። ከመካከላቸው አንዱ በማግሥቱ ቢሮዬ መጥቶ፥ አውራጂቱ የባለቤቱን ስም የምታስገባበት ቦታ በሠንጠረዡ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ፤ ዓምዱን ባዶ እንዲተወው ነገርሁት።