ሞተሩ ሳይሞቅ

ከመተማ ተነስቶ አይከል የደረሰ መኪና ሁሉ ጤነኛ ይመስላል። 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ቆላ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የጭልጋ ደጋ ሲወጣ፣ በተለይ ሰሊጥ ጭኖ ከሆነ፣ ሞተሩ ግሎ፣ ዘይቱ ቀጥኖ፣ ብረቱ ሁሉ ተለጥጦ ቦታ ቦታውን ይዞ ነው የሚደርሰው። ሾፌሩ «ጠዋት ሲነሳ ያንኳኳል» ቢል የሚሰማ ነገር የለም። በአዘዞ በኩል ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ የመጣውም ያው ነው። መካከለኛ መካኒክ እዚህ ላይ መፍቻውን ያነሳል። ጥሩው «ይደር» ይላል።

እንዲህ ማለት ለማንም አይቀልም። ባለመኪናው ይቸኩላል፣ ጭነቱ ይጠበቃል፣ መካኒኩም የዛሬ ገቢውን ለነገ ያሳድራል። ድምፁ ግን የሚገኘው በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ብቻ ነው። አንዳንዱ ለሦስት ሴኮንድ፣ አንዳንዱ ለአምስት ደቂቃ ይሰማና ይጠፋል። ያመለጠው ሰው ሌላ ሌሊት ይጠብቃል፤ ወይም እንደብዙዎቹ በግምት የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ ያስወርዳል።

አይከል ላይ ከመንገዱ ዳር ሲሠራ ያየሁት አንድ ጎልማሳ መካኒክ ከሚጠብቁት ወገን ነው። ያደረችው መኪና 5ኤል ሞተር ያላት አሮጌ ሃይስ ነበረች። የእሷ ሞተር ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ወንበሩን አነሳና ቁልፍ ከመነካቱ በፊት መዳፉን ቴስታታው ላይ አሳረፈ። ሾፌሩን ስላላመነው አይደለም፤ ልማዱ ሆኖ ነው። መኪና የሚሸጥ ሰው ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን አሙቆ እንደሚጠብቅ፣ ወፍራም ዘይት ሞልቶ ድምፁን እንደሚያፍን ያውቃል። ቀጥሎ የዘይት ማያውን ዘንግ መዘዘ። ልኩን አየ፣ ዘይቱን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው፣ አሸተተው። ረዳቱን «አስነሳ፤ ነዳጅ እንዳትሰጠው» አለው። ሞተር እንደተነሳ ነዳጅ ረግጦ ማስጮህ የብዙ ሾፌር አመል ነው፤ ዘይት ገና ያልደረሰው ብረት እርስ በርሱ የሚፋጨው ደግሞ ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ እጁን አጣምሮ ቆመ። ከውጭ ለሚያየው ሥራ ፈት ይመስላል። እኔ ግን ከሥራው ሁሉ ይኼን አስበልጣለሁ፤ በእነዚያ ሴኮንዶች ውስጥ በርካታ በሽታዎችን አንድ በአንድ ከደጅ እየመለሰ ነበርና።

ድምፁ ሁለት ሦስት ሴኮንድ አንኳኩቶ ጸጥ ካለ፣ ዘይት ዘግይቶ እየደረሰ ነው። ጥሩ የዘይት ፊልትሮ ውስጥ ዘይቱ ሌሊት ወደታች እንዳይመለስ የሚከለክል የጎማ ክዳን አለ። ርካሹ ፊልትሮ ላይ ክዳኑ ይደርቃል፤ ጭራሹን የሌለውም አለ። ስለዚህ ሞተር ከመፍታት በፊት ፊልትሮ መቀየር ይቀድማል። ካምሻፍቱን በካቴና በሚያዞሩ ሞተሮች ላይ ግን ያቺው አጭር ድምፅ ከባድ ነገር ልትናገር ትችላለች። በዓለም ዙሪያ በሂሉክስ ላይ የሠራው የቶዮታ 22አር ሞተር ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በኋላ ባለአንድ ረድፍ ካቴና ገባለት፤ ካቴናውን የሚመሩት ፕላስቲኮች ሲሰበሩ ካቴናው የፊት ክዳኑን እየፋቀ ውኃ መተላለፊያው ድረስ ይበሳዋል። ውኃው ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ሞተሩ አለቀለት። ያ ሁሉ ጥፋት የሚጀምረው ጠዋት በሚሰማ ኳኳታ ነው።

ሃይሷ ግን ቺንጋ እንጂ ካቴና የላትም። የቶዮታ ዲኤክስ ካቴና አላት፣ ቪትዝም አላት፤ የኢሱዙ ኤንፒአር ሞተር በጥርስ ነው የሚሠራው። ይህን የሚያውቅ ጆሮ ከመስማቱ በፊት ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ሰውዬው ከድምፁ ጋር በጣቱ ጭኑን መታ መታ ማድረግ ጀመረ። የካምሻፍቱ ዙር የክራንክሻፍቱ ግማሽ ነው። ስለዚህ ምቱ ከሞተሩ ዙር በግማሽ ከዘገየ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ይሄዳል። የቫልቭ ክፍተት ማስተካከል ለብቻው የሚደነቅ ጥበብ ነው፤ የዲኤክሷ 4ኬ ሞተር ሲሞቅ የመግቢያው ክፍተት 0.20፣ የመውጫው 0.30 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ስስ ብረቱን አስገብቶ ሲስበው ያዝ የሚያደርገውን ስሜት መጽሐፍ አያስተምረውም። ፈራጁ ጣት ነው። ዋናው ብልሃት ግን ሌላ ነው፦ የላላ ቫልቭ ይጮኻል፣ የጠበቀ ቫልቭ ዝም ይላል፤ የሚቃጠለው ዝምተኛው ነው። ድምፅ ለማጥፋት ብቻ ቫልቭ የሚያጠብቅ መካኒክ ደንበኛውን አስደስቶ ሞተሩን ይገድለዋል።

ረጅም ካቻቢቴ አነሳ። ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ፊት ያለው አጥንት ላይ አድርጎ ከአንዱ ሲሊንደር ወደ ሌላው ሄደ። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ በ1816 እ.ኤ.አ. ወረቀት ጠቅልሎ የሕመምተኛ ደረት ላይ ያደረገው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ቀጥሎ የናፍጣ ቱቦዎቹን ዳዶ ተራ በተራ ላላ አድርጎ አጠበቀ። አንድ ሲሊንደር ነዳጅ ሲያጣ ድምፁ ከቀነሰ፣ ፒስተኑ ሰፍቶት ግድግዳውን እየመታ ሊሆን ይችላል። አልሙኒየሙ ፒስተን ከብረቱ ሲሊንደር በእጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ፣ ሲሞቅ ክፍተቱ ይጠብና ድምፁ ይጠፋል፤ እንዲህ ያለ ሞተር ዓመታት ሊሠራ ይችላል። የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው፤ ሲሞቅና ዘይቱ ሲቀጥን የሚብሰው፣ ከታች የሚመጣው ወፍራም ድብደባ። እሱ ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው የቢዬላ ድምፅ ነው። ያን ጊዜ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል፣ መኪናዋም በሌላ መኪና ተጎትታ ጎንደር ትገባለች።

የሃይሷ ድምፅ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። እጁን ወደ ጭስ ማውጫው መጋጠሚያ አስጠጋ፤ ብረቱ ገና አልጋለም ነበርና ትንፋሹ መዳፉን ሲመታው ተሰማው። ጓርኒሲዮኑ ዳር ላይ ጥቁር ጥላሸት ነበር። እንዲህ ያለው ጭስ ሲያፈተልክ ልክ እንደ ላላ ቫልቭ ይመታል፤ ብረቱ ሲግል ይለጠጥና ቀዳዳውን ይዘጋዋል። በዚህ ድምፅ የተነሳ ስንት ቴስታታ በከንቱ እንደወረደ እግዜር ይወቀው።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ። አንደኛው ብሎን ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶ ነበር። ጉቶው ላይ ዳዶ አስበየደበት፣ ሙቀቱ ዝገቱን እስኪያላቅቀው ታገሠ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ እያለ አወጣው። አንድ ጊዜ ብቻ በኃይል ቢያዞረው እዚያው ይቆረጥ ነበር። መጋጠሚያውን ቀጥ ያለ ብረት አስደግፎ በብርሃን አየው፣ ሞረደው፣ እንደገና አየው። አዲሱን ጓርኒሲዮን አስገብቶ ብሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር አጠበቃቸው። ማንም የማያየው ቦታ ስለሆነ አጥብቆ ብቻ ቢተወው የሚጠይቀው አልነበረም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለውን አሮጌ ሞተር አስታሞ ማኖር የግድ በሆነበት ጊዜ እንዲህ ያለ እጅ የሚከፈለው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ በእኔ ግምት አሳፋሪ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሃይሷ ስትነሳ ያ ምት የለም። ሾፌሩ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«ጋሼ፣ አሁንም እኮ ትንሽ ያንኳኳል።»

ደጋው ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። በብርድ ጠዋት በቂ ሙቀት ስለማያገኝ የተረጨው ናፍጣ ለመቀጣጠል ይዘገይና ተጠራቅሞ ባንዴ ይነዳል፤ ያ ነው የሚያንኳኳው። መካኒኩ ይህን ሁሉ አልዘረዘረም።

«እሱ የናፍጣ ጠባይ ነው ልጄ» አለው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ቆላ ስትወርድ ይተውሃል። ማንም ልፍታልህ ቢልህ እሺ እንዳትል።»