ብቻውን ባንድ የሆነ ሰው፤ ስለ ኃይሉ መርጊያ የ1985 ካሴት

በአሪ ምድር፥ በገዘርና በጂንካ ዙሪያ፥ በማኅበር የሚነፋው የቀርከሃ ዋሽንት ከሰሜኑ የእረኛ ዋሽንት ጋር በስም እንጂ በጠባይ አይገናኝም። እረኛው በአንድ ዋሽንት ላይ ጣቶቹን እያፈራረቀ ዜማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ያወርደዋል። የአሪው ነፊ ግን የያዘው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ተራውን ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ ያችን አንዲት ድምፅ ያሰማል፤ ዜማውም የሚወለደው ድምፁ ከአንዱ ትንፋሽ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ነው። የሰሜኑ እምቢልታ ሦስት ሆኖ ሲነፋ በዚሁ ዓይነት ሥርዓት ስለሚሄድ፥ ነገሩ የደቡብ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። እንዲህ ካለው ማኅበር አንዱ ተለይቶ ቢወጣ፥ ይዞት የሚሄደው ዜማውን ሳይሆን የዜማውን ቁራጭ ነው።

በከተማው ባንድ ውስጥ ላደገ ሙዚቀኛ ነገሩ ከዚህ የተለየ ይመስላል፤ ኦርጋን የሚመታ ሰው ዜማውን በሙሉ በዐሥር ጣቶቹ ሊይዘው ይችላልና። ይሁን እንጂ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ከተለየ በኋላ በ1985 በዋሺንግተን የቀረጸው «ሸሞንሟናዬ» የተባለው ካሴት በጥንቃቄ ሲሰማ፥ የአሪው ነፊ ጥያቄ ከዚህም እንዳለ ይታወቃል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኃይሉ በ1946 በደብረ ብርሃን ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሲሆን፥ አኮርዲዮንን የተለማመደው በወጣትነቱ ነው። ዋልያስ በሂልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት ሲጫወት፥ በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊው ምክንያት ተጫዋቹም አድማጩም እስኪነጋ ድረስ በአንድ አዳራሽ ያድሩ ነበር። ይህን ታሪክ እንደ ቀላል ወግ ማለፍ አይገባም። ሌሊቱን በሙሉ አብሮ የሚጫወት ባንድ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እስኪያውቅ ድረስ ይዋሐዳል፤ በ1977 የወጣው «ቼ በለው» ዛሬም ሲሰማ የሚያስደንቀው የአንዱ ሰው ችሎታ ሳይሆን ይህ ውሕደት ነው። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጉዞ በስደት ላይ ለነበሩ ኢትዮጵያውያን ተጫወተ፤ ከጉዞውም በኋላ ከፊሉ ወደ አገሩ ሲመለስ ኃይሉና ጥቂት ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። ከቀሩት ጋር ዙላ የተባለ ባንድ ተቋቁሞ ነበር፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ብቸኝነት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሽፋኑን ጽሑፍ ማንበብ ይበጃል። «ትዝታ» በ1975፥ «ቼ በለው» በ1977 ሲወጡ ስሙ ከዋልያስ ጋር፥ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ1978 ሲወጣ ከዳህላክ ባንድ ጋር ተጣምሮ ተጽፎ ነበር። በ1985ቱ ካሴት ላይ የባንዱ ስም ይቀመጥበት በነበረው ስፍራ የተጻፈው «ክላሲካል መሣሪያው» የሚል ነው። ሰዎቹ የነበሩበትን ቦታ ዕቃ ያዘው ማለት ነው። ያም ዕቃ አኮርዲዮን ነው። በ1829 በቪየና የባለቤትነት ፈቃድ የተሰጠው ይህ የአውሮፓ መሣሪያ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ «የጥንት» መሣሪያ ሊሆን መቻሉ፥ ጥንታዊነት በዕቃው ዕድሜ ሳይሆን በሰሚው ዕድሜ እንደሚለካ ያሳያል። ለኃይሉ ትውልድ አኮርዲዮን ኤሌክትሪክ ኦርጋን ሳይመጣ በፊት የተሰማ የወጣትነት ድምፅ ነው። ባሕልን በክራርና በመሰንቆ ብቻ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ካሴቱ የተቀረጸው በአንድ የሙዚቃ ተማሪ የቤት ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ኃይሉ አኮርዲዮኑን፥ ሮድስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘሩን በየተራ እየተጫወተ አንዱን በሌላው ላይ ደረበ፤ ከበሮውን የሚመታው ማሽን ነው። እንግዲህ «የብቻ ሥራ» የሚለው ስም እዚህ ላይ ያሳስታል። ሰውየው ብቻውን አልተጫወተም፤ የሌሉትን ጓደኞቹን ቦታ አንድ በአንድ እየዞረ ሞላ እንጂ። የባሱን ስፍራ በግራ እጁ ያዘ፤ የነፋሾቹን መልስ በኪቦርድ መለሰ። የአሪው ማኅበር ቢበተንና አንዱ ነፊ የሁሉንም ዋሽንት ሰብስቦ በየተራ ሊነፋ ቢሞክር የሚመስለው ይህንኑ ነው።

ሙከራው በሁሉም ስፍራ አልተሳካም። ችክችካ የሚባለው የስድስት ምት አካሄድ ሕይወቱ ከበሮ መቺው ከዘፋኙ ጋር በሚያደርገው ጥቂት መቅደምና መዘግየት ላይ ነው። ማሽን አይቀድምም፥ አይዘገይም፤ ይቈጥራል ብቻ። «ሽለላ» በተባለው ክፍል ደግሞ ሌላ ጉድለት አለ፤ ሽለላ አቅራሪና አጃቢ፥ ከሁሉም በላይ የሚሰማው ጓደኛ ያሻዋል። አንድ ሰው ለራሱ ሲሸልል ድፍረቱ ወደ ትካዜ ያዘነብላል። ምናልባት በስደት አገር ሊኖር የሚችለው ሽለላ ይህ ብቻ ይሆናል፤ እንደ ሽለላ ግን ጎደሎ ነው።

«አምባሰል» ላይ ሲደረስ ፍርዱ ይለወጣል። የመሰንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ አንሸራቶ የሚያገኘውን ድምፅ የአኮርዲዮን ቁልፍ ሊሰጥ አይችልም፤ ድምፆቹ በፋብሪካ ተቈርጠው ያለቁ ናቸውና። ኃይሉ ግን ጎረቤት ድምፆችን በፍጥነት እየነካካ በማለፍ የእንጉርጉሮውን መንቀጥቀጥ ያስመስላል። ከዚህም በላይ በዚህ ካሴት ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ የሚተነፍሰው አኮርዲዮኑ ብቻ ነው። ወናፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ ይፋፋል፥ ይከሳል፤ ዐረፍተ ነገሩ የሚያልቀው ትንፋሽ ሲያልቅ ነው። ስለዚህም መሣሪያው የዘፋኙን ወንበር ይዞ ተቀምጧል። በዙሪያው ያለው የማሽንና የኤሌክትሪክ ድምፅ ቀዝቃዛ መሆኑ እንኳ ለዚህ ትንፋሽ ጠቅሞታል።

ካሴቱ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ኖረ፤ ባለቤቱም በዋሺንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ፥ መንገደኛ እስኪመጣ ድረስ በመኪናው በያዘው ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ቅጂውን ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው አሳታሚው በኩል እንደ ገና አወጣው። ይህ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ የውጭ አድማጮች ሥራውን እንደ ሕልም፥ ከወደፊቱ ዘመን እንደ መጣ እንግዳ ድምፅ አድርገው መስማታቸው ጆሮአቸውን ያዘነበሉት ወደ ማሽኑ መሆኑን ያሳያል። ዜማዎቹን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አድማጭ የሚሰማው የጎደሉትን ሰዎች ነው። ሁለቱም አንድ ካሴት ይሰማሉ፤ አንዱ እንግዳ ነገር ያገኝበታል፥ ሌላው ባዶ ወንበር ይቈጥርበታል።

ኃይሉ ታዋቂነቱ ሲመለስ በብቻ አሠራሩ አልቀጠለም። በ2018 የወጣውን «ላላ በሉ»ን የሠራው ከአንድ ባስ ተጫዋችና ከአንድ ከበሮ መቺ ጋር ነው፤ ሁለቱም የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ፥ ማሽኑ ሊያደርገው ያልቻለውን መቅደምና መዘግየት እነርሱ መለሱለት። የዚያ አልበም መዝጊያ «የፍቅር እንጉርጉሮ» ይባላል። በእርሱ ውስጥ ከበሮ የለም፥ ባስ የለም፥ የተደረበ ድምፅም የለም፤ ያለው አንድ ሰውና አንድ ፒያኖ ነው።