የእንግሊዝኛ የቤት ሥራና የወላጅ ድርሻ
(«ዋሪየር ኪንግ» የተሰኘው ልብ ወለድ እንደ ምሳሌ)

የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሳንጃ አንድ ተማሪ የእንግሊዝኛ ደብተሩን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በቤቱ የሚረዳው ሰው እንደሌለ መቁጠር የተለመደ ነው። ወላጆቹ ስለ ማሽላና ስለ ሰሊጥ እርሻ እንጂ ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ሊጠየቁ አይችሉም ይባላል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ አስተሳሰቡ የተሳሳተ መሆኑን በአንድ መጽሐፍ ምሳሌነት ማስረዳት ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት በቅደም ተከተል 3.3 እና 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የውጤቱ መንሥኤ ብዙ ነው፤ ይሁን እንጂ የፈተናውን ቋንቋ ሳይረዳ የሚፈተን ተማሪ ዕውቀቱን ሊገልጽ እንደማይችል ግልጽ ነው።

በተለመደው አሠራር ተማሪው አንድ ምንባብ ይሰጠውና የአንዱን ቃል ፍቺ ከሁለተኛው አንቀጽ ፈልጎ እንዲጽፍ ይታዘዛል። እርሱም ሳይረዳ ይገለብጣል። ረዳት ያገኘ እንደሆነ ደግሞ፣ አስጠኚም ይሁን በስልክ የሚገኝ ዝግጁ መልስ፣ የሚያስገኝለት የሌላ ሰው ዐረፍተ ነገር ነው። ይህም እርዳታ ሳይሆን ሥራውን ከተማሪው እጅ መንጠቅ ነው።

ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት «ዋሪየር ኪንግ» ለዚህ ችግር አንድ መፍትሔ ይጠቁማል። ደራሲው የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን በቸሃ ቋንቋ የጻፉ በመሆናቸው፣ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የመሻገርን ድካም ያውቁታል። የመጽሐፉ ትኩረት የቋራው ካሣ ኃይሉ ከሽፍትነት ተነሥቶ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ እስከ ነገሠበት ጊዜ ያደረገው ጉዞ ነው። ለሳንጃ ልጅ ይህ ባዕድ ታሪክ አይደለም፤ ፉከራና ቀረርቶ እየሰማ ያደገ ነውና ሽፍትነትም ሆነ ጀግንነት ምን እንደሆነ ማንም አያስተምረውም። ስለዚህ የሚቀረው እንግዳ ነገር ቋንቋው ብቻ ይሆናል።

የቋንቋው ችግር ራሱ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ እንግሊዝኛ «አንተ»ን፣ «አንቺ»ንና «እርስዎ»ን በአንድ «ዩ» ይጠቀልላል። ካሣ ለእቴጌ መነን ሲናገር ይህን ቃል ተማሪው ወደ አማርኛ እንዴት ይመልሰዋል? በአክብሮት ጊዜ «እርስዎ»፣ በቁጣ ጊዜስ «አንቺ» ነውን? እንግሊዝኛ የማያውቅ አባት ይህን ከማንም በተሻለ ሊመልስ ይችላል። ተማሪው ግን ምላሹን ለማመዛዘን ምንባቡን ደግሞ ማንበብ ይኖርበታል። ሰዋስውም ከዚሁ ይወጣል፤ «የመጣው ሰው» ስንል ገላጩ ይቀድማል፣ እንግሊዝኛው ግን «ሰው» የሚለውን አስቀድሞ ገላጩን ያስከትላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፎ ያነጻጸረ ተማሪ ሕጉን በቃል ከሸመደደው ይልቅ ያስታውሰዋል።

በዚህ ዘዴ ላይ አንድ ነቀፌታ ሊሰነዘር ይችላል፤ ይኸውም ተማሪው ከቤቱ የሰማውን እያስታወሰ መጽሐፉን ሳያነብ ሊመልስ ይችላል የሚል ነው። ሥጋቱ ትክክል ነው። ስለሆነም ጥያቄው በልዩነቱ ላይ መመሥረት አለበት። አባት የሚተርከው በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የሆነውን የመቅደላን ፍጻሜ ከሆነ፣ ደራሲው አነሣሡን የመረጡት ለምንድን ነው? ለዚህ መልስ የሚገኘው ከገጹ ብቻ ነው።

መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ተማሪ እስኪዳረስ መጠበቅም አያስፈልግም። መምህሩ አንድ አጭር አንቀጽ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ቢያስገለብጥ፣ ጥያቄውንም በአማርኛ ከቤተሰብ ጋር እንዲወያዩበት፣ መልሱን ግን በራሳቸው እንግሊዝኛ በሦስት ዐረፍተ ነገር እንዲጽፉ ቢያዝ ይበቃል። የመርሐ ትምህርት አዘጋጆችም እንዲህ ያለውን ጥያቄ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ ቢሰጡት መልካም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መቆየታቸው፣ ከትምህርት ቤት ውጭ የሚሠራ ትምህርት የትርፍ ጊዜ ጉዳይ አለመሆኑን አሳይቷል። በሩ በተዘጋ ጊዜ ከልጁ ጋር የሚቀሩት ደብተሩና ወላጆቹ ናቸው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ጥያቄ ማዘጋጀት የእኛ የመምህራን ፈንታ ነው።