የገጠር ተማሪና የዩኒቨርሲቲ ሕይወት፦ «መላመድ» የሚለው አስተሳሰብ ሲመረመር

ከገጠር ስለሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሚነገርበት ጊዜ «መላመድ» የሚለው ቃል ይዘወተራል። ቃሉ ሲመረመር ግን አንድ ግምት አዝሎ ይገኛል፤ ይኸውም የተቋሙ ሥርዓት የተሟላ እንደሆነና ጉድለቱ በተማሪው በኩል ብቻ እንዳለ የሚያስቆጥር መሆኑ ነው። ይህን ግምት ለመመዘን የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተስማሚ ምሳሌ ይሆናል።

የተቋሙ መነሻ እርሻ ነው። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ከወንዶ ገነትና ከዲላ ኮሌጆች ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የአሁኑን ስሙን ያዘ። በአካባቢው ያለው የሲዳማ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ በእንሰት ሲተዳደር የኖረ ነው። ከዚህ ቤተሰብ የወጣ ተማሪ እንሰት መቼ ለመፋቅ እንደሚደርስና ቆጮ እንዴት እንደሚብላላ በዓይኑ እያየ አድጓል። ሆኖም ስለዚሁ ተክል በክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ዝምታውም ባለማወቅ ይተረጎምበታል።

የችግሩ ሥር ከዩኒቨርሲቲው በር በፊት ይጀምራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መወሰኑ ከሥነ ትምህርት አንጻር የሚደገፍ ነው። ነገር ግን በሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ የሚሆነው እንግሊዝኛ በገጠር ከክፍለ ጊዜው ውጭ አይሰማም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትም የዝግጅቱን ድክመት በጠቅላላው አሳይቷል፤ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩና።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ እንደገና የተተከለው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ኋላም የተጀመረው የማካካሻ ትምህርት፣ ክፍተቱን ለመሙላት የታሰቡ እርምጃዎች ናቸው። የእንግሊዝኛ መግባቢያና የሥነ ልቦና ትምህርቶች መካተታቸው ይበል የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪው ቋንቋውን ገና በሚማርበት ዓመት ሌሎቹን ትምህርቶች በዚያው ቋንቋ ይፈተናል። ስለዚህ ፈተናው የዕውቀቱን መጠን ከቋንቋው መጠን ለይቶ ሊያሳይ አይችልም።

በማኅበራዊ ኑሮ ረገድም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ከልዩ ልዩ ክልል የመጡ ተማሪዎች በመኝታ ክፍልና በምግብ አዳራሽ በአብዛኛው የሚግባቡት በአማርኛ በመሆኑ፣ አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ የገጠር ልጅ በአንድ ጊዜ ሁለት ቋንቋ ይጠበቅበታል። የወጪ መጋራት ሥርዓት የምግብና የመኝታ ክፍያን ለጊዜው ያዘገይለታል፤ የሳሙና፣ የጽሑፍ ማባዣና የመጓጓዣ ወጪ ግን ከገበሬው ኪስ ይወጣል። መሃል ከተማው ገንዘብ ላለው የሚዝናኑበት፣ ለሌለው ግን ድህነቱን የሚያስታውስ ስፍራ ነው። «ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰው ባዳ» የሆነው አዲስ ገቢ ወደ ወንዙ ልጆች ቢጠጋ ሊነቀፍ አይገባም፤ ቤተ መጻሕፍቱንና የምዝገባውን ሥርዓት የሚያሳዩት እነርሱ ናቸውና። ጉዳቱ የሚመጣው ተቋሙ ሌላ መጠጊያ ሳያዘጋጅለት ሲቀር ነው።

በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። ያን ጊዜ እንዲላመድ የተጠየቀው የዩኒቨርሲቲው ሰው ነበር። ዛሬ ገጠሩ ራሱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲመጣ ሸክሙ ሁሉ በእርሱ ላይ መጫኑ ፍትሐዊ አይደለም።

በመሆኑም የዘጠነኛ ክፍል መምህር ተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ የጀመረውን መልስ በእንግሊዝኛ እንዲፈጽመው ቢረዳው፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር የጥናት ቡድኖችን ከልዩ ልዩ አካባቢ አሰባጥሮ ቢመድብ፣ የዕቅድ ባለሙያውም ትምህርታቸውን የሚያቋርጡት ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደመጡ ለይቶ ቢመዘግብ፣ ኃላፊነቱ በሚገባ ይከፋፈላል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የእንሰት ገበሬው ልጅ በእርሻ ኮሌጅ ውስጥ የሚናገርበት ጊዜና የሚያዳምጠው መምህር ሊያገኝ ይገባዋል።