የቤላ ሻንጉል ወርቅና ጸሐፊዎቹ

ከዓባይ በስተደቡብ በሱዳን ወሰን ላይ ስለሚገኘው ስለ ቤላ ሻንጉል ወርቅ መጻፍ ከተጀመረ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ሆነ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ዘመን ውስጥ የብዙዎቹ ጸሐፊዎች ቀዳሚ ጥያቄ «ወርቁ የት ነው? ምን ያህልስ ይወጣል?» የሚል ነበር። ጥያቄው የመንግሥትና የነጋዴ ጥያቄ ነውና መልሱም ከዚያ አላለፈም፤ ወርቁ በወቄት ሲመዘን፥ አፈሩን ቆፍሮ ያጠበው እጅ የማን እንደ ነበረ ሳይጠየቅ ቀርቷል። ይህን ጉድለት ለመረዳት፥ በልዩ ልዩ ዘመን የተዘጋጁ ሦስት ሥራዎችን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ይጠቅማል።

ከሦስቱ ቀዳሚው የፈረንሳዊው የማዕድን ዐዋቂ የፍሬዴሪክ ካዮ «ጉዞ ወደ መርዌ» ነው። ካዮ የተጓዘው ከጦር ጋር ነበር። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ ወርቅና ለሠራዊቱ የሚሆኑ ባሮች ፈልጎ በ1820 ልጁን ኢስማኢልን ወደ ሱዳን አዘመተ፤ በ1821 ስናር ከተያዘች በኋላም ጦሩ ወደ ደቡብ ገፍቶ ከፋዙግሊ ባሻገር እስካሉት የወርቅ ተራሮች ዘለቀ። የካዮ መጽሐፍ በ1826 እና በ1827 ፓሪስ ላይ ታተመ። ስለ ድንጋዩ፥ ስለ ዕፅዋቱና ስለ መንገዱ የሚሰጠው መግለጫ ዛሬም የሚከበር ነው። ስለ ወርቁ የሚሰጠው ፍርድ ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። ጦሩ አሸዋውን ባስመረመረ ጊዜ የተገኘው ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፥ አገሩ የዝናውን ያህል ሀብት የለውም ወደሚል አሳብ ያዘነብላል። መሐመድ ዓሊ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ዮሴፍ ሩሴገር የተባለውን ኦስትሪያዊ የከርሰ ምድር ሊቅ ልኮ አስመረመረ፤ በ1838ም በሸመገለ ዕድሜው ራሱ ተነሥቶ ወደ ፋዙግሊ ወረደ። የተመኘውን ወርቅ ግን አላገኘም።

እንግዲህ ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ወርቁ ለፓሻው ያልበቃ ከሆነ፥ ከእርሱ በፊትም ሆነ ከእርሱ በኋላ ለገበያ ሲቀርብ የኖረው እንዴት ነው? መልሱ ያለው በአሸዋው ብዛት ወይም ማነስ ሳይሆን በሥራው ሥርዓት ነው። የበርታ ገበሬ ወርቅ የሚፈልገው አዝመራው ከተሰበሰበና የክረምቱ ጎርፍ ከጎደለ በኋላ ነው። ጉድጓዱ በጠባቡ ይቆፈራል፤ አፈሩም፥ ይልቁንም በሴቶች እጅ፥ በእንጨት ገበታ ይታጠባል። ብናኙ ውስጡ ክፍት በሆነ የአሞራ ላባ አገዳ ተጠራቅሞ በጨው፥ በጨርቅና በዶቃ ይለወጣል። ሥራው ከእርሻ ጎን የሚሠራ፥ ቀለቡም ከእርሻው የሚወጣ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ወርቅ ቢያስገኝ እንኳ ለቤተ ሰቡ ትርፍ ነው። የፓሻው ቆፋሪ ግን ስንቁ ከሩቅ አገር ይመጣለታል፤ ወታደርም ይጠብቀዋል፤ ያንኑ ያህል ወርቅ ቢያወጣ ለግምጃ ቤቱ ኪሣራ ነው። ከዚህም በላይ ያው ጦር ባሪያ ለመፈንገል መንደሮችን ሲወር፥ ወርቁ የሚገኝበትን ስፍራ የሚያውቁትን ሰዎች ወደ ተራራ አሸሻቸው። ስለዚህ የካዮ መጽሐፍ የመዘገበው የመሬቱን ድህነት ሳይሆን የዘመቻውን ውድቀት ነው፤ ደራሲው ግን ሁለቱን አልለየም።

ሁለተኛው ሥራ የሆላንዳዊው ተጓዥ የዩዋን ማሪያ ስኩቨር የጉዞ ማስታወሻ ነው። ስኩቨር በ1881 እና በ1882 በዚሁ ጠረፍ ሲመላለስ ቆይቶ በ1883 በባሕር ኤል ገዛል ተገደለ። ከጽሑፉ ከፊሉ በዚያው ዓመት በአንድ የጀርመን የጂኦግራፊ መጽሔት ተጨማሪ ሆኖ ታተመ፤ ሙሉው ግን ዌንዲ ጄምስ፥ ጌርድ ባውማንና ዳግላስ ጆንሰን አዘጋጅተውት በ1996 እስኪወጣ ድረስ አንድ መቶ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቆየ። አዘጋጆቹ ጽሑፉን ከማሳተም አልፈው በሕዝቦቹ ታሪክ ውስጥ ስፍራውን ስላሳዩ ምስጋና ይገባቸዋል። ስኩቨር ከካዮ ይልቅ ለሰው ቅርብ ነው፤ ከጦር ጋር አልመጣምና የሚያያቸው ሰዎች የሚያስተናግዱ፥ የሚደራደሩ፥ የሚነግዱ ሰዎች ናቸው። ሆኖም መንገዱ በሹማምንትና በነጋዴዎች ፈቃድ የሚከፈት ስለ ነበረ፥ ድምፃቸው ጎልቶ የሚሰማው የእነርሱው ነው። ወርቁም በጽሑፉ ጎልቶ የሚታየው ከጉድጓዱ ወጥቶ ገበያ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው የአሌሳንድሮ ትሪዩልዚ «ጨው፥ ወርቅና የሥልጣን ሕጋዊነት» ነው፤ በ1981 ኔፕልስ ላይ ታተመ። መጽሐፉ የተጓዦችን ጽሑፍ ከአገሬው የቃል ታሪክ ጋር በማስተያየት፥ ከ1800 ግድም እስከ 1898 ያለውን ዘመን ይመረምራል። ትልቁ ውለታው ወርቁን ከብቸኝነት ማውጣቱ ነው። ጨው ከደጋው ሲወርድ ወርቅ ከቆላው ይወጣ ነበርና፥ የአንዱን ዋጋ ያለ ሌላው መናገር አይቻልም። ከሱዳን ከመጡ ነጋዴዎችና መምህራን የዘር ሐረጋቸውን የሚቆጥሩት የወታዊት ሼኮችም በበርታ ላይ እንዴት እንደ ሠለጠኑ ከዚሁ ንግድ ጋር አያይዞ ያስረዳል። የአገሩም ስም እንዲህ ባለው ምርመራ ይገለጣል። «ቤላ» በበርታ ቋንቋ ድንጋይ ወይም ዐለት ማለት ነው፤ ቤላ ሻንጉልም በመንጌ አካባቢ ያለው የተከበረ ዐለት ስም ነው። ዐረብኛ ተናጋሪው «ቤኒ ሻንጉል» ሲለው ግን ዐለቱ ወደ ነገድ ተለወጠ፤ የሻንጉል ልጆች ተባለ። በስሙ ላይ የደረሰው ስሕተት በሥራው ታሪክም ላይ እንደ ደረሰ አንባቢው ይገነዘባል፤ መጤው የሰማውን በራሱ ቋንቋ ተርጕሞ ያገሬውን ትርጕም ሸፈነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ መጽሐፉ ከነቀፋ አያመልጥም። ንኡስ አርእስቱ አገሩን «ባለቤት የሌለው ምድር» ይለዋል። ቃሉ የተመረጠው ሁለት ኃያላን መንግሥታት የሚሻሙበትን ጠረፍ ለማመልከት እንደ ሆነ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ያው መጽሐፍ በየገጹ የሚያሳየው ባለቤቶች የሞሉበትን አገር ነው። ባለቤትነትን ከመንግሥት ወገን ብቻ መመልከት ደግሞ ሌላ ጉድለት ያስከትላል። ሕጋዊነት የሚለው አሳብ ስለ ሼኩ ሥልጣን ብዙ ያስረዳል፤ ስለ ጉድጓዱ ግን ጥቂት ነው የሚናገረው። አንድ ሰው በአንድ ጅረት ዳር ለመቆፈር ከማን ፈቃድ ያገኛል? ያገኘውንስ ለማን ያካፍላል? ካልተመለሰ በኋላ ጉድጓዱ የማን ይሆናል? የወርቅ ታሪክ መሠረት እነዚህ ናቸው።

መጽሐፉ ከሚያበቃበት ዘመን ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በ1897 እና በ1898 የራስ መኰንን ዘመቻ ቤላ ሻንጉልን ከዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ጨመረ፤ በ1902 የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የወሰን ውልም ፋዙግሊን ለሱዳን፥ ቤላ ሻንጉልን ለኢትዮጵያ አድርጎ የወርቁን አገር ከሁለት ከፈለው። የአሶሳው ሼክ ሖጀሌ አል ሐሰን ግብራቸውን በወርቅ ያገቡ ነበር። ያንን ወርቅ ካጠቡት መካከል ባሮች ነበሩ፤ ባርነትም በኢትዮጵያ በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው። ሆኖም ስለ ግብሩ የሚጽፈው ሁሉ የከፋዩንና የተቀባዩን ስም ሲያነሣ፥ የአጣቢው ስም ከየትም አይገኝም። ይህን ዝምታ እንደ ዝምታ ሳይጠቅስ የሚያልፍ ታሪክ የግብር ሰብሳቢውን መዝገብ ከመገልበጥ አይሻልም።

ነገሩ ያለፈ ዘመን ክርክር ብቻ አይደለም። በ2010 የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ለባህላዊ አምራች የፈቃድ ስፍራ ሰጥቶታል፤ በጠረፉም ወርቅ በእጅ መቆፈሩ አልቀረም። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው ሁሉ፥ የቆፋሪው ዕውቀት ቅርብ ስለ ሆነ ተናቀ። የአገሬው ሥራ መሬትን ከመጫር የማያልፍ ነበር የሚለው የቆየ አነጋገር ሳይመረመር ከቀረ፥ የስፍራውን የቆየ ልማድና መብትም እንደሌለ ለመቁጠር ምክንያት ይሆናል።

ስለዚህ ከሦስቱ ሥራዎች በኋላ የቀረው ተግባር ታውቋል። ለአፈሩና ለድንጋዩ ዓይነት በበርታ ቋንቋ የተሰጡትን ስሞች፥ የጉድጓዱን ሕግ፥ የሴቶችንና የወንዶችን የሥራ ክፍል፥ የቀድሞ ባሮች ልጆች የሚናገሩትን ታሪክ፥ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ካዮ ለድንጋዩ፥ ስኩቨር ለመንገዱ፥ ትሪዩልዚም ለሥልጣኑ ታማኝ ምስክሮች ናቸው፤ ለሥራው ግን መጠየቅ የሚገባው ራሱ ሠራተኛው ነው።